አንድ ሃያ አራተኛ

ቀን ዝገት አጠፋለሁ፤ ሌሊት ዝገት እሠራለሁ።
አጅማን ነኝ፤ ሰናይያ፤ ከጋራዡ ጓሮ አድራለሁ።
ፓራፋንጎው የተጫረ፣ በሩ የተጨማደደ ሲመጣ፣
ላመራውን አቀናለሁ፣ ስቱኮ እሞላለሁ፣
በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ እስኪነጣ፤
ባለቤቱ ጣቱን ያሳልፍበታል፣ ይፈልጋል፣ ያጣል።
ሙያዬ ይኸው ነው፦
የሆነውን አልሆነም ማለት።

ማታ ግን፣ ስድስት አልጋ በታጨቀበት፣
ጉልዛር ካን ሲያንኮራፋ፣ ኤሲው ባልዲ ላይ ሲያፈስ፣
ከጫማ ካርቶን አወጣታለሁ የአባቴን መኪና፦
ፊያት ኤንትሬ፣ ሃያ አራት ጊዜ ስታንስ።
ካቢናዋ የእርጎ ዕቃ፣ ካሶኒዋ የሞባይል ካርድ፤
ጎማዋ የሽሮፕ ክዳን፣ ጥርሱን በምላጭ የቀረጽኩት አንድ ባንድ፤
ስፖኪዮዋ የቸኮላት ወረቀት፤
መሪዋ ከጉልዛር ሸሚዝ የወደቀ ቁልፍ፣ ሳልጠይቅ የወሰድኩት።

አሁን የቀረኝ ማስረጀት ነው፤
ከመሥራቱ ይልቅ የሚጣፍጠኝም እሱ ነው።
መጀመሪያ ቡናማውን መቀባት፣ በምራቅ ማርጠብ፣
የወጥ ቤቱን ጨው ነስንሶ፣ ቀዩን ቀለም ከላይ መደረብ፤
ሲደርቅ፣ ጨዉ በጥርስ ብሩሽ ሲራገፍ ከነልብሱ፣
ብረቱ የታመመበት ብቅ ይላል በየራሱ።
ዝገት በዘፈቀደ አይበላም፤ ውኃ ያደረበትን ያውቃል፤
ከበር ሥር ይነሣል፤ ከብሎን ራስ እንደ እንባ ይወርዳል።
አቧራም ሥርዓት አለው፤ ከጎማ ወደ ላይ እየሳሳ፣
መጥረጊያው ያለፈበት መስታወት ላይ
ሁለት ግማሽ ጨረቃ እየረሳ።

አፈሩን ያመጣልኝ ጉልዛር ነው፣ ከመስፉት፣ በመሐረብ ቋጥሮ።
"የአገርህን አፈር ይመስላል?" አለኝ።
"ቁርጥ!" አልኩት።
ዋሽቼ ነው። የኤሊዳር ነጣ ይላል፤
የሕፃን ፓውደር ቀየጥኩበት።
ባቲ፣ ሚሌ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ፣ አሰብ፤
እፍ ባልኩ ቁጥር አንድ ከተማ፣
አቧራው ካቢናዋ ላይ ሲረብብ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ፦ ስርጉደቱ የቱ በር ላይ ነበር?
ዓርብ ደወልኩ ኮምቦልቻ። እህቴ የውብዳር
"የግራው" አለች። እንድሪያስ ከጀርባዋ "የቀኙ!" ብሎ ጮኸ።
ተከራከሩ። የካርዴ ሒሳብ ቀለጠ።
እናቴ ስልኩን ነጠቀቻቸው፦

"የምን ስርጉደት? የምን ዝገት? ማነው ይኼን ያወራው?
አባትህ ከአሰብ ሲገባ፣ እህል በአፉ ሳይዞር፣
ቦርከና ወርዶ ነበር የሚያጥባት፣ ጎማዋ ሳይቀር።
ጭቃ አሳድሮባት አያውቅም፤
የሚያሳድረው እኔን ነበር፣ ራት እንደያዝኩ።"

ስልኩ ተዘጋ።
ሦስት ወር ያስረጀኋት መኪና መዳፌ ላይ ቀረች።
ታዲያ ያየሁት አቧራ የማን ነበር?
ያ ቅንድብ ላይ እንደ አመድ የተኛ፣
በሳቀ ቁጥር ጉንጭ ላይ የሚሰነጠቅ፣
ሲያቅፈኝ አንገቴ ላይ የሚቀር፣
እስከ ማግስቱ ውኃ የማላስነካው?

ጥጥ ቲነር ነክሬ ከኮፈኗ ጀመርኩ፣
ቀስ እያልኩ፤ ቲነር ካልተጠነቀቁለት ፕላስቲኩንም ይበላል።
የቀን ሙያዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊት ሠራሁት።
ዝገቱ ወረደ። ቀዩ ወጣ።
ከመዳብ ሽቦ ደግሞ አንድ ሰው ጠመዘዝኩ፣ ቁመቱ ሰባት ሴንቲ፤
ስቱኮ አለበስኩት፤ ከካልሲዬ ጫፍ ቆርጬ ጨርቅ አስያዝኩት።
የተረፈውን አፈር ሁሉ፣
ከፀጉሩ እስከ ሰንደሉ፣
ለእሱ።

ጉልዛር ነቃ፤ በአንድ ዓይኑ አየኝ።
"ኻላስ? አለቀ?"
"አላለቀም" አልኩት፤
"ገና እያጠባት ነው።"